ስለ ቀን ገቢ ግምትና ስለ አምቦ ሱቆች መዘጋት

ሰው ለመንግሥት ግብር መገበሩ በኢትዮጵያ ከጥንት የኖረ ሥርዓት ነው። የሸዋ ባላገር ከእህሉ ዐሥራት ሲያወጣ፣ ነጋዴውም በየኬላው ቀረጥ ሲከፍል ኖሯል። እንግዲህ በሐምሌ ወር 2009 ዓ.ም. የአምቦና የጊንጪ፣ እንደዚሁም የጎረቤታቸው የወሊሶ ነጋዴዎች ሱቃቸውን ዘግተው በተቀመጡ ጊዜ፣ ይህ ግብር ከመጥላት የመጣ ነው ብሎ ነገሩን መዝጋት ለሹማምንት ቀላል ነበር። ሆኖም ጉዳዩ በሚገባ ሲመረመር ሕዝቡን ይበልጥ ያሳዘነው የግብሩ ልክ ከየት እንደ መጣ አለመታወቁ፣ ከተነገረም በኋላ አለመጽናቱ ነው።

አምቦ የምዕራብ ሸዋ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ላይ ስለምትገኝ፣ ከጉደርና ከጌዶ የሚመጣው እህል፣ ከአዲስ አበባም የሚላከው ሸቀጥ በእርሷ ያልፋል። በእንዲህ ያለች የመንገድ ከተማ ሱቅ ሲዘጋና አውቶቡስ ሲቆም ጉዳቱ ለመንገደኛውም ለገበሬውም ይተርፋል። በዚያ ሐምሌ የሆነው ይኸው ነው፤ በመንግሥት መኪኖችም ላይ ጉዳት ደረሰ። ይህም ሁሉ የሆነው በመስከረም መጨረሻ 2009 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ገና ሳይነሣ ነው። ስለዚህ ሱቁን የዘጋ ሰው በራሱ ላይ ሊመጣ የሚችለውን ሳያውቅ አልዘጋም።

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው። በ1994 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት የዓመት ሽያጩ እስከ 100,000 ብር የሚደርስ ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ ሳይዝ በግምት እንዲከፍል ተፈቅዶለት ነበር፤ ይህም ደረጃ ሐ የሚባለው ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 979 ይህን ወሰን ወደ 500,000 ብር ከፍ አደረገው፤ ከግብር ነጻ የሆነውንም የወር ገቢ ከ150 ብር ወደ 600 ብር አሳደገ። ሁለቱም ለትንሹ ነጋዴ የሚጠቅሙ ነበሩ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት የግለሰብ ነጋዴን ግብር የሚሰበስበው ክልሉ ስለ ሆነ፣ የአምቦ ባለሱቅ የሚከፍለው ለኦሮሚያ ክልል ነው። ከዚህ በኋላ ለዓመታት ሳይታደስ የቆየው የቀን ገቢ ግምት እንደ አዲስ ይጠና ተባለ። ጠቡም የተነሣው ከዚህ ግምት ላይ ነው።

የግምቱ አሠራር በቃል ሲነገር ቀላል ነው። ገማቾች በየሱቁ ዞረው የቀኑን ሽያጭ ይጽፋሉ፤ ይህም በሥራ ቀኖች ቁጥር ተባዝቶ የዓመት ሽያጭ ይሆናል፤ ለየንግዱ ዓይነት በተወሰነው መጠን ትርፉ ይወጣል፤ ከትርፉም በአዋጁ ሰንጠረዥ ግብሩ ይታሰባል። አንድ ጸጉር አስተካካይ ለምሳሌ ይወሰድ። በቀን 500 ብር ያገኛል ቢባል፣ ሰንበትና በዓላት ተቀንሰው 300 ቀን ቢሠራ፣ የዓመት ሽያጩ 150,000 ብር ይሆናል። ትርፉ ከመቶ 20 ነው ቢባል 30,000 ብር ነው፤ ግብሩም 2,790 ብር ይመጣል። ገማቹ በገበያ ቀን ደርሶ ሰው ሲጋፋ አይቶ 500ውን 1,000 ብር አድርጎ ቢጽፍስ? ትርፉ 60,000 ብር ይሆናል፤ ግብሩ ግን 8,370 ብር ነው። ግምቱ እጥፍ ሲሆን ግብሩ ሦስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው፤ ይኸውም ሰንጠረዡ ትርፍ በጨመረ ቁጥር ከመቶ የሚወሰደውን ስለሚያሳድግ ነው። 1,700 ብር ብሎ ቢጽፍማ ሰውየው ከ500,000 ብር ወሰን አልፎ መዝገብ ያዝ ይባላል፤ ከመቀስና ከምላጭ በቀር ሌላ ይዞ የማያውቅ ሰው!

ነጋዴውም ከጥፋት ነጻ አልነበረም። ገቢን ዝቅ አድርጎ መናገር የቆየ ልማድ ስለ ሆነ ገማቹ የሰማውን አያምንም፤ ገማቹ እንደማያምን ስለሚያውቅም ነጋዴው ይበልጥ ዝቅ ያደርጋል። ደግሞም ሽያጭና ትርፍ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ለሕዝቡ በሚገባ አልተብራራም፤ የቀን ሽያጩን ቁጥር የሰማ ባለ ሻይ ቤት ያን ሁሉ ትርፍ ታገኛለህ የተባለ መስሎት ደነገጠ።

ሹማምንቱ በመጀመሪያ ግምቱ በጥናት የተሠራ ነው አሉ። ሱቆች ሲዘጉ ደግሞ የስሕተት መኖር ታመነ፤ ቅሬታ ያለው ያቅርብ ተባለ፤ የብዙ ሰዎችም ግምት ተቀነሰ። ስሕተትን ማረም የሚያስመሰግን ሥራ ስለ ሆነ በዚህ ማንም ሊነቀፍ አይገባም። ነገር ግን በታዘዘው ልክ ተበድሮ አስቀድሞ የከፈለው ሰው ምን ይበል? እርሱ ትእዛዝ አክብሮ ሲከፍል፣ ሱቁን ዘግቶ ለጮኸው ለጎረቤቱ ተቀነሰለት። የተቀነሰበት ምክንያት ተጽፎ ካልተሰጠ፣ ያስቀነሰው ጩኸቱ ነው ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም፤ በሚመጣውም ዓመት እርሱ ራሱ ከመጀመሪያው ይጮኻል።

የቀድሞውን ዘመን መመልከት ይጠቅማል። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ በሸዋ ለአንድ ጋሻ ለም መሬት 50 ብር፣ ለለም ጠፍ 40 ብር፣ ለጠፍ 15 ብር ወሰነ፤ የዐሥራቱም ምትክ በዚሁ ውስጥ ነበረ። ልኩ በአዋጅ ስለ ታወቀ ባላገሩ የሚከራከረው መሬቱ ለም ነው ወይስ ጠፍ በሚለው ብቻ ነበር። (ይህም ክርክር ቢሆን ለመዳቢው ዓይንና እጅ በር መክፈቱ አይካድም።) በ1960 ዓ.ም. ግን ዐሥራቱ ቀርቶ በእርሻ ገቢ ላይ ግብር ይጣል ሲባል ነገሩ ዞሮ ወደ ግምት መጣ። የጎጃም ባላገር የገማቾቹ መምጣት ርስቱን ለመለካት መስሎት ጠመንጃ አነሣ። ጦር ተላከ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በመጨረሻም ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከሹመታቸው ተነሡ፤ ከ1942 ዓ.ም. ጀምሮ ላልተከፈለው ውዝፍ ግብርም ምሕረት ተደረገ። የሸዋ ባላገር በነዚያ ዓመታት ሁሉ ሲከፍል መኖሩን በዚያን ጊዜ ያነሣው ሰው ጥቂት ነው።

ካህናት የንጉሥ ሮብዓምን ታሪክ ያውቃሉ። ሕዝቡ ቀንበሩ ይቅለልልን ብሎ ቢለምነው፣ የሽማግሎችን ምክር ትቶ የእኩዮቹን ስለ ሰማ ዐሥሩ ነገድ ተለዩት። ከዚህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የንጉሡ ጭካኔ ነው፤ ይሁን እንጂ ሮብዓም መልስ ከመስጠቱ በፊት የሦስት ቀን ጊዜ መጠየቁንም ማስተዋል ይገባል። ክፉ ምክር መረጠ እንጂ ለመመካከር ጊዜ መውሰዱስ መልካም ነበር። በ2009 ዓ.ም. የሆነው ግን አስቀድሞ መወሰን፣ ኋላ መመካከር ነው።

ከዚያም ወዲህ የነጋዴው ነገር አልረጋም። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. መጀመሪያ የብር ዋጋ በመቶ 15 ዝቅ ተደረገ፤ በዚያው ወር ስኳር በጠፋበት ጊዜ፣ በአምቦ ስኳር የጫኑ መኪኖች እንዳያልፉ ሕዝቡ መንገድ በዘጋበት ግርግር ሰዎች በጥይት ሞቱ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሽቶን ጨምሮ 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይሰጣቸው ተከለከለ፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ክልከላው ተነሥቶ የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር የነበረው ዶላርም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እያንዳንዱ የየራሱ ምክንያት ነበረው፤ አዋቂዎችም ያስረዱታል። የጊንጪ ባለሱቅ ግን የሚያየው ትናንት የተከለከለው ዛሬ መፈቀዱን ነው።

በአንጻሩ መለወጥ የሚገባው ሳይለወጥ ቆየ። ዋጋ ሁሉ ሲንር ከግብር ነጻ የሆነው 600 ብር ለዘጠኝ ዓመት ባለበት ቆሞ፣ በ2017 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ 2,000 ብር ሆነ። ይኸው ማሻሻያ ሦስቱን የግብር ከፋይ ደረጃዎች ወደ ሁለት አወረደ፤ በቀላል አሠራር የሚከፍለውንም ነጋዴ ወሰን ወደ 2 ሚሊዮን ብር አደረሰ። ለዚህ ነጋዴ ግብሩ በሽያጩ ልክ እንዲታሰብ መደረጉ ከሁለቱ ግምቶች አንዱን፣ ማለት የትርፉን ግምት ስለሚያስቀር፣ ከቀድሞው የተሻለ ነው። ሽያጩ ስንት ነው የሚለው ጥያቄ ግን አልቀረም፤ መዝገብ በሌለበት ሱቅ ይህን የሚወስነው ዛሬም ሰው ነው።

ስለዚህ ገማቹ በአምቦም ሆነ በጌዶ ከሱቁ ሲወጣ የጻፈውን ቁጥር፣ የጻፈበትን ቀንና ምክንያት፣ ፊርማውንም የያዘ ግልባጭ ለባለሱቁ ይተውለት። ቁጥሩ ኋላ ቢቀነስ ወይም ቢጨመር ምክንያቱ ከዚያው ወረቀት በታች ይጻፍ። ለአንዱ የተቀነሰበት ምክንያት አስቀድሞ ለከፈለው ጎረቤቱም የሚሠራ ከሆነ፣ ያ ሰው ደጅ ሳይጠና በብልጫ የከፈለው ገንዘብ ለሚመጣው ዓመት ግብር ይታሰብለት።