የልጆች ስልክ በአባቶች ስም

በዚህ ሰሞን ወላጆች በተገናኙበት ሁሉ የሚነሳው የልጆች ስልክ ነው። ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ያመሻሉ፣ የወር ተብሎ የተገዛው ፓኬጅ ሳምንት አይደርስም፣ መምህራን ማስተማር አልቻልንም ይላሉ። ቅሬታው እውነት ነው። የወሬው ማሳረጊያ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ ስልክ መሸጥ እኮ በሕግ ክልክል ነው፤ የሚያስከብር ጠፋ እንጂ።» ይህን አባባል በሬዲዮ የሚተነትኑ ባለሙያዎችም ሲደግሙት እሰማለሁ። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የፍትሐ ብሔርና የቤተሰብ ሕጎቻችን ከ18 ዓመት በታች ያለ ሰው ራሱን ችሎ ውል የመዋዋል ችሎታ የለውም ይላሉ። ይህ ማለት ሻጩ ወንጀል ሠርቷል ማለት አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1808 እንደሚለው በችሎታ ማነስ ምክንያት ውል ይፍረስልኝ ማለት የሚችለው ችሎታ ያጣው ወገን ነው፤ ሻጩ ይህ መብት የለውም። ስለዚህ ሕጉ ልጁን የሚጠብቀው በሻጩ ኪስ በኩል ነው። ለልጅ በዱቤ የሰጠ ነጋዴ ነገ የልጁ ሞግዚት መጥቶ ውሉን ሊያፈርስበት፣ ገንዘቡም ሊቀርበት ይችላል። ይህን የሚያውቅ ነጋዴ ማንም ሳያዘው ዕድሜ ይጠይቃል። በኔ እምነት የትኛውም የሽያጭ ገደብ የሚሠራው በዚህ መንገድ ብቻ ነው፦ ኪሳራውን የሚሸከመው ሰው በሩን ይጠብቃል፤ ኪሳራ የሌለበት ሰው አይጠብቅም።

የሞባይል ስልክ ገበያ ሲጀምር በሩ በደንብ ይጠበቅ ነበር። አገልግሎቱ ድህረ ክፍያ ስለነበረ ኩባንያው ደንበኛውን ወር ሙሉ አምኖ ያስወራዋል፤ ካልከፈለው ይከሰዋል። ልጅን ከሶ ማስከፈል ስለማይቻል ልጅ ደንበኛ አይሆንም ነበር። በ1995 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የፖርቹጋሉ ቲኤምኤን «ሚሞ» የተባለውን ቅድመ ክፍያ አገልግሎት ለገበያ ሲያቀርብ ይህ ሁሉ ተለወጠ። ገንዘቡ አስቀድሞ ገብቷል፤ ዕዳ የለም፤ የሚከሰስ የለም። ድሃው ሰው ስልክ ለመያዝ የቻለው በዚህ ነው፣ ትልቅ ውለታም ነው። ልጁም በዚያው በር ገባ። እኛ አገር አብዛኛው መስመር ቅድመ ክፍያ በመሆኑ የውል ሕጉ ጥበቃ ለስልክ ገበያ ከሞላ ጎደል ሞቷል ማለት ይቻላል።

መገናኛ ካሉት የስልክ ሱቆች በአንዱ ፊት ለፊት ትንሽ ቢቆሙ ነገሩ ይታያል። ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ብሩን ቆጥሮ ባንኮኒው ላይ ያስቀምጣል፤ ባለሱቁ ካርቶኑን ከፍቶ ቀፎውን አብርቶ ያሳየዋል፣ ከዚያ «ግላስ ይለጠፍልህ?» ይለዋል። ዕድሜውን ለምን ይጠይቀዋል? ገንዘቡን ተቀብሏል። የቤተሰብ ሕጉ ልጅ በሞግዚቱ ፈቃድ የዕለት ተዕለት ውሎችን ራሱ እንዲዋዋል ይፈቅዳል፤ የገንዘብ ጣሪያውን ግን በጥቂት መቶ ብር ወስኖታል። ሕጉ በ1992 ሲወጣ አንድ ዶላር 8 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ዛሬ በዚያ ጣሪያ ደህና ቻርጀር እንኳ አይገዛም፤ ጣሪያውን የነካው ሰው ግን የለም። በሕጉ ቃል ከሄድን ልጆች የሚገዙት ቀፎ ሁሉ ማለት ይቻላል ውሉ ሊፈርስ የሚችል ነው። አንድ ቀፎ ለማስመለስ ፍርድ ቤት የሚመላለስ ወላጅ ግን የት አለ?

ሲም ካርድ ሌላ ነው፤ መታወቂያ ይጠይቃል። እሱን አባት ወይም ታላቅ ወንድም በስሙ ያወጣል። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። ቅድመ ክፍያ ያስወጣው ዱቤ በአየር ሰዓት ብድር በኩል ተመልሶ ገብቷል። ልጁ ሒሳቡ ሲያልቅ ይበደራል፤ በቀጣዩ ሙሌት ብድሩ ከነአገልግሎት ክፍያው ይቆረጣል። ፓኬጁ ለምን ሳምንት እንደማይደርስ ግራ ለገባው ወላጅ አንዱ መልስ ይኸው ነው። በመዝገብ ላይ ተበዳሪው አዋቂ ነው፤ ስለዚህ አበዳሪው ለልጅ በማበደሩ የሚያጣው ነገር የለም።

የደንበኞች ቁጥር የማይታመነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ኢትዮ ቴሌኮም የ2017 በጀት ዓመትን በ83.2 ሚሊዮን ደንበኞች መዝጋቱን አስታውቋል። ይህ የመስመር ቁጥር እንጂ የሰው ቁጥር አይደለም፤ ሁለት ሲም የያዘው ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፣ በአባቱ ስም የሚጠቀመው ልጅ እንደ አዋቂ ይቆጠራል። ሕዝብና ቤት ቆጠራ ከ1999 ወዲህ ባልተካሄደበት አገር ስንት ልጅ ስልክ እንደያዘ ከዚህ ሪፖርት አውጥቶ የሚናገር ሰው ሲገጥመኝ አላምነውም።

አውስትራሊያ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት እንዳይኖራቸው ያወጣችው ሕግ ታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ሥራ ላይ ሲውል ልጁንም ወላጁንም አልቀጣም። እስከ 49.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር የሚደርሰው ቅጣት የተጣለው በኩባንያዎቹ ላይ ነው። ውጤቱን ገና እናያለን፤ ኪሳራውን ያስቀመጠበት ቦታ ግን ትክክል ነው።

እኛ ጋ ሱቁን ብንከለክል ሽያጩ ወደ ያገለገለ ቀፎ ገበያ ይሄዳል፣ ዋጋው ይንራል፣ ደረሰኝ ይቀራል፣ ታክሱም አብሮ ይቀራል። ከዚያ ይልቅ ወላጅ በራሱ የፋይዳ መታወቂያ ሥር የልጅ መስመር ብሎ እንዲያስመዘግብ ይፈቀድለት። በዚህ መስመር ላይ ብድር ይዘጋ፤ ተዘግቶ ሳለ ያበደረ ኩባንያ ገንዘቡን ከማንም መጠየቅ አይችል።