የአሮጌ መኪና የፍጥነት መለኪያ ሲሳሳት፦ እንዴት እናጣራ? እንዴትስ እናስተካክል?



ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ወደ ግቢ የምንመላለስ ተማሪዎች መንገዱን በደንብ እናውቀዋለን። ንፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ ወረታ ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ። በመካከሉ ዳገት፣ ቁልቁለትና ኩርባ አለ። በዚህ መንገድ ከሚመላለሱት አባዱላዎች፣ አይሱዙዎችና የቤት መኪኖች ብዙዎቹ ዕድሜ ጠገብ ናቸው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን ታክስ እንደ ዕድሜያቸው ከፍ ቢያደርግም፣ እጃችን ላይ ያሉት አሮጌዎች ገና ብዙ ዓመት ያገለግላሉ። ስለዚህ ፍሬናቸውን እንደምንጠይቅ ሁሉ የፍጥነት መለኪያቸውንም ልንጠይቅ ይገባል።

መለኪያው እንዴት ይሠራል?

በአሮጌ መኪኖች ላይ ያለው ባለ ገመድ መለኪያ፣ ጀርመናዊው ኦቶ ሹልዘ እ.ኤ.አ. በ1902 በርሊን ላይ በስሙ ያስመዘገበውን ዘዴ የሚከተል ነው። ካምቢዮው ላይ ያለች ትንሽ ጥርስ ገመዱን ታዞራለች፤ ገመዱ ክሩስኮቱ ውስጥ ያለውን ማግኔት ያዞራል። ማግኔቱ በላዩ ያለውን የአልሙኒየም ስኒ አይነካውም፤ ነገር ግን ሲሽከረከር በብረቱ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጥርና ስኒውን ይጎትተዋል። ስኒውን ወደ ኋላ የምትይዘው ቀጭን ሞላ ናት። በጉተታውና በሞላዋ መካከል ሚዛን ሲገኝ መርፌው ይቆማል፤ እኛ የምናነበው ያንን ነው። በብዙ የጃፓን መኪኖች ገመዱ በአንድ ኪሎ ሜትር 637 ጊዜ ይዞራል።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪው የሚዞረው በዚሁ ገመድ ነው። ልዩነቱ፣ ቆጣሪው ማግኔትም ሞላም የለውም፤ ጥርስ ለጥርስ ተያይዞ ብቻ ይቆጥራል። ይህችን ልዩነት ያዙልን፤ ስህተቱን የምናገኘው በእርሷ ነው።

የትኛው ስህተት ነው አደገኛ?

የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 39 ለአዲስ መኪና ግልጽ ወሰን አስቀምጧል። መርፌው ከእውነተኛው ፍጥነት በታች ፈጽሞ ማሳየት የለበትም። ከፍ አድርጎ ቢያሳይ ግን ከእውነተኛው ፍጥነት 10 በመቶና 4 ኪሎ ሜትር ድረስ ይፈቀድለታል። ለምሳሌ መኪናው በሰዓት 80 እየሄደ መርፌው 92 ቢል ከወሰኑ አልወጣም።

አደገኛው አሳንሶ የሚያሳየው ነው። ሹፌሩ 60 ላይ ነኝ ብሎ በእውነቱ 67.5 ቢነዳ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ፍሬን ሊያጠፋው የሚገባው ጉልበት ግን የሚጨምረው በፍጥነቱ ስኩዌር ስለሆነ፣ ጭማሪው ከሩብ በላይ ይሆናል። ቁልቁለት ላይ፣ ሙሉ ተሳፋሪ ጭኖ፣ በሞቀ ፍሬን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለት ልኬቶች

ቀጥ ያለና ሜዳ የሆነ መንገድ እንምረጥ፤ ከጋይንት ለሚመጣ ሰው ከወረታ ወዲያ ያለው የፎገራ ሜዳ ተስማሚ ነው። ስልክ የሚይዘው ሹፌሩ ሳይሆን ከጎኑ የተቀመጠው ሰው ነው። የስልክ ጂፒኤስ ከሳተላይት ስለሚቀበል ኔትዎርክ በሌለበትም ይሠራል፤ ገደል ውስጥ ግን ሰማዩ ስለሚጠብበት ይዛባል።

አንደኛ፣ ሹፌሩ መርፌውን 60 ላይ ያጽና፤ እኛም በጂፒኤስ ወይም በመንገድ ዳር የኪሎ ሜትር ምልክቶች የተለካ 3 ኪሎ ሜትር ስንት ሰከንድ እንደፈጀ እንያዝ። 180 ሰከንድ ከሆነ መርፌው ልክ ነው። 160 ሰከንድ ከሆነ እውነተኛው ፍጥነት በሰዓት 67.5 ነው።

ሁለተኛ፣ በተለካ 10 ኪሎ ሜትር ላይ ቆጣሪው ስንት እንደቆጠረ እንይ። 9.4 ቆጥሯል እንበል።

አሁን ሁለቱን እናስተያይ፦

• ቆጣሪው ትክክል ሆኖ መርፌው ከተሳሳተ፣ ችግሩ ራሱ መለኪያው ውስጥ ነው፤ ማግኔቱ ደክሟል ወይም ሞላዋ ተዛብታለች። የደከመ ማግኔት መርፌውን ዝቅ ያደርጋል።

• ሁለቱም በእኩል መቶኛ ከተሳሳቱ፣ ችግሩ ጎማው ወይም ካምቢዮው ላይ ያለችው ጥርስ ናት።

• መርፌው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ገመዱን እንጠርጥር፤ ግራሶው ደርቋል ወይም ገመዱ በጣም ታጥፏል። በብርድ ጠዋት ይህ ይብሳል።

• ሁለቱም ከቆሙ ገመዱ ተበጥሷል ወይም ጥርሷ ተበልታለች።

በምሳሌያችን ቆጣሪው 6.4 በመቶ ገደማ፣ መርፌው ደግሞ 12.5 በመቶ ማስተካከያ ይፈልጋል። ስለዚህ ስህተቱ ሁለት ነው፤ ግማሹ ከታች ከጎማ ወይም ከጥርስ፣ ቀሪው ከላይ ከመለኪያው። መርፌውን ብቻ ለክተን ብንሆን ኖሮ አንዱን ጠግነን ሌላውን እንተወው ነበር።

ማስተካከያው

ከጎማ እንጀምር። 195/70 አር 14 በነበረበት ቸርኬ ላይ 195/80 አር 14 ቢገባ የጎማው ስፋት ከዳር እስከ ዳር ከ62.9 ወደ 66.8 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፤ ይህም 6.2 በመቶ ነው። ጎማው በአንድ ዙር የሚሄደው ርቀት ሲበልጥ ገመዱ በኪሎ ሜትር የሚዞረው ያንሳል፤ መርፌውም ቆጣሪውም ዝቅ ይላሉ። ያለቀ ጎማ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ግን ልዩነቱ 2 በመቶ ገደማ ነው። ዋናው መፍትሔ ፋብሪካው ያዘዘውን ቁጥር መመለስ ነው።

ጎማው የማይመለስ ከሆነ በገመዱ ጫፍ ያለችውን ጥርስ መቀየር ይቻላል። ባለ 33 ጥርስ ከነበረች በባለ 31 ስትተካ ገመዱ 6.5 በመቶ ገደማ ፈጥኖ ይዞራል፤ በምሳሌያችን ቆጣሪው 10 ኪሎ ሜትሩን 10 ብሎ ይቆጥራል።

የሚንቀጠቀጥ ገመድ ተመዞ ወጥቶ በላምባ ይታጠባል፤ ከደረቀ በኋላ ስስ ግራሶ ይቀባል። ወደ መለኪያው የሚገባው ጫፍ ግን አይቀባም፤ ግራሶው ወጥቶ ስኒውን ያበላሻል።

ማግኔትና ሞላ የባለሙያ ሥራ ናቸው። መርፌውን ነቅሎ ከፍ አድርጎ መልሶ መትከል መፍትሔ አይደለም። እንዲህ ቢደረግ በ60 ላይ ልክ ሆኖ በ30 እና በ90 ይሳሳታል፤ ቆሞም እያለ ፍጥነት ያሳያል። እስኪጠገን ድረስ በ40፣ በ60 እና በ80 የተገኘውን እውነተኛ ፍጥነት በወረቀት ጽፎ ክሩስኮቱ ላይ መለጠፍ ይበቃል። ከጥገና በኋላ ሁለቱን ልኬቶች መድገም ግዴታ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ

ጥርስ ቀይሮ ቆጣሪው ከእንግዲህ በትክክል እንዲቆጥር ማድረግ ጥገና ነው። የተቆጠረውን ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ መልሶ መኪናውን «ብዙ አልተነዳም» ብሎ መሸጥ ግን ማታለል ነው፤ ሐራም መሆኑም ለማናችንም ስውር አይደለም። መለኪያ ተቀይሮ ከሆነ የቀድሞውን ቁጥርና የተቀየረበትን ቀን ጽፎ ለገዢው መስጠት የሻጩ ድርሻ ነው።

የተሳፋሪ ነፍስ አማና ነው። ሰዓትና ስልክ ያለው ሁሉ ልኬቱን ሊሠራው ስለሚችል፣ ለዕረፍት አገር ቤት ስንገባ ሹፌር ለሆኑ ወንድሞቻችንና አጎቶቻችን እናሳያቸው፤ ፈቃዳቸውን ጠይቀን፣ በአክብሮት፣ ከእነርሱ ጋር ሆነን እንለካ።