የሚመጡና የሚሄዱ ወፎች

ክረምቱ አልፎ ምድር በአበባ ስታጌጥ፣ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ዳርና በዙሪያቸው በሚገኙት ሜዳዎች ላይ በሐምሌና በነሐሴ ያልነበሩ ወፎች መታየት ይጀምራሉ። ነጩ ሽመላ ረጃጅም ቀይ እግሮቹን እያነሣ በማሳ ውስጥ ፌንጣ ይለቅማል። ደረቷ ቢጫ የሆነ፣ ጭራዋን ያለ ዕረፍት ሽቅብ ቁልቁል የምታወዛውዝ ትንሽ ወፍም ከከብቶች እግር ሥር ነፍሳት ታሳድዳለች። በጋው አልቆ መጋቢትና ሚያዝያ ሲገቡ ግን፣ ከዕለታት አንድ ቀን ማለዳ ሜዳው ባዶ ሆኖ ይገኛል። እረኛው ይህን ያስተውልና “ሄዱ” ብሎ ያልፋል። በዚያው ሰሞን፣ ከዚህ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖር አንድ የፖላንድ ገበሬ በቤቱ ጣራ ላይ ባለው አሮጌ ጎጆ ሽመላ ቆሞ ሲያይ “መጡ” ይላል። “ሄዱ” እና “መጡ” የአንድ ታሪክ ሁለት ግማሾች ናቸው። ሁለቱን ተናጋሪዎች የሚያገናኝ ባለመኖሩ ግን ታሪኩ ለብዙ ዘመናት ሳይገጣጠም ኖረ።

በዚህ ምክንያት የጥንት ሊቃውንት ስለ ወፎች መጥፋት የሰጡት ምክንያት ዛሬ ሲነበብ ያስገርማል። አሪስጣጣሊስ አንዳንድ ወፎች ብርዱን በጉድጓድ ውስጥ ተደብቀው እንደሚያሳልፉ፣ አንዳንዶቹም ወደ ሌላ ዓይነት ወፍ እንደሚለወጡ ጽፏል። በ17ኛው መቶ ዓመት የኖረ አንድ እንግሊዛዊ ቄስ፣ ቻርልስ ሞርተን፣ ወፎቹ ወደ ጨረቃ ይሄዳሉ እስከ ማለት ደርሶ ነበር። በእነዚህ ሰዎች መሳቅ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሁሉም ያዩት የነገሩን አንድ ወገን ብቻ እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም። በ1822* በጀርመን አገር፣ ክሉትዝ በተባለች መንደር አጠገብ አንድ ነጭ ሽመላ ተገደለ። በአንገቱ ውስጥ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ከአፍሪካ የመጣ ጦር ተሰክቶ ተገኘ። ወፉ ቁስሉን ተሸክሞ ያን ሁሉ መንገድ በርሮ ነበር። ሽመላው እስከነጦሩ ደርቆ በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጧል። ወፍ ሆኖ ከሁለቱም ወገን ምስክርነት ይዞ የመጣ ሌላ ከዚያ በፊት አልታወቀም ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።
(*በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይሁንና ዕውቀት እንዲህ ባለ አጋጣሚ ብቻ አይሰበሰብም። ሥራውን በዘዴ ከጀመሩት ሰዎች መካከል ሁለቱ የትምህርት ቤት መምህራን ነበሩ። በዴንማርክ የቪቦርግ ከተማ መምህር የነበሩት ሞርተንሰን፣ በ1899 ቁጥርና አድራሻ የተቀረጸባቸውን ቀላል የአሉሚኒየም ቀለበቶች በወፎች እግር ላይ አሠሩ። ወፉን ሌላ አገር ያገኘ ሰው ቁጥሩን አይቶ ደብዳቤ እንዲጽፍላቸው ነበር ይህን ማድረጋቸው። ሁለተኛው፣ ከሞርተንሰን 18 ዓመት ቀድመው የተነሡት አሜሪካዊው ዌልስ ኩክ ናቸው። ኩክ የተጠቀሙት ቀለበት ሳይሆን ብዕርና ወረቀት ነበር። በ1881 በአዮዋ ክፍለ ሀገር ወፍ ለሚመለከቱ ሰዎች በመጻፍ፣ በፀደይ ወራት እያንዳንዱ ወፍ በአካባቢያቸው መጀመሪያ የታየበትን ቀን እንዲልኩላቸው ጠየቁ። ጥያቄው ከአዮዋ ወደ ሚሲሲፒ ሸለቆ፣ ቆይቶም ወደ መላው የሰሜን አሜሪካ ተስፋፋ። መንግሥትም ሥራውን ተቀብሎ እስከ 1970 አካሄደው። በእነዚያ ዓመታት 6 ሚሊዮን ያህል ካርዶች ተከማቹ። ጸሐፊዎቹ አብዛኞቹ ደመወዝ የማይከፈላቸው፣ ወፍ መመልከት የሚወዱ ተራ ሰዎች ነበሩ።

ካርዱ ላይ የሚጻፈው ጥቂት ነው፤ የወፉ ስም፣ ቦታው፣ የተመልካቹ ስም፣ ወፉ መጀመሪያ የታየበት ቀን፣ ስንት እንደ ነበሩ፣ ቀጥሎ የታየበት ቀን፣ የበዛበት ቀን፣ በመጨረሻም የታየበት ቀን። እረኛው “ሄዱ” ሲል ባለቤቱን በግሱ ውስጥ አስገብቷል፤ ሰዋስው አልጎደለውም። የጎደሉት መቼ፣ ከየት፣ ስንት የሚሉት ናቸው። እነዚህ ሲጨመሩ ያ አንድ ቃል ማንም ሰው ከሌላው ቃል ጋር ሊያስተያየው የሚችል ማስረጃ ይሆናል።

ማስተያየቱ ግን ጥንቃቄ ይሻል። እንበልና በአንድ መንደር አንድ ሰው እሑድ እሑድ ብቻ ወፍ ለማየት ይወጣል። በጎረቤት መንደር ደግሞ ዐሥር ሰዎች በየቀኑ ይወጣሉ። ወፏ በሁለቱም መንደር ማክሰኞ ብትገባ፣ በሁለተኛው መንደር ማክሰኞ፣ በመጀመሪያው ግን እሑድ እንደ ገባች ተደርጎ ይጻፋል። አምስቱ ቀን የተመልካቹ እንጂ የወፏ መዘግየት አይደለም። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ተመልካቾች ምን እንዳዩ ብቻ ሳይሆን ለስንት ሰዓት እንደ ተመለከቱ፣ ያላዩም እንደ ሆነ አለማየታቸውን ይጽፋሉ። ለጀማሪ “ምንም አላየሁም” ብሎ መጻፍ ወረቀት ማባከን ይመስለዋል፤ ይሁን እንጂ ከትናንት በስቲያ ዜሮ፣ ትናንት ዜሮ፣ ዛሬ ሦስት የሚል መዝገብ ብቻ ነው መምጣታቸው በእርግጥ ዛሬ ነው ሊያሰኝ የሚችለው። በተጨማሪም መጀመሪያ የምትታየው ወፍ ከጓደኞቿ ተለይታ የቸኮለች ልትሆን ስለምትችል፣ ወፉ የበዛበት ቀን ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ይታመናል። ከጎረቤቱ ቀድሞ አየሁ ለማለት የሚቸኩል ሰውም አይጠፋም፤ ይህ በየትኛውም አገር ያለ የሰው ጠባይ ነው። መድኃኒቱ ወሬውን ወዲያው ለሌሎች ማካፈል ነው፤ በማግሥቱ ሌላ ሰው በዚያው ቦታ ቆሞ ያረጋግጠዋል ወይም ያርመዋል።

ወዲያው ማካፈል የሚያስፈልግበት ሌላም ምክንያት አለ። ከትንንሾቹ ዘማሪ ወፎች ብዙዎቹ የሚጓዙት በሌሊት ነው። በሰሜኑ አገሮች ፀደይ፣ ማታ ከደቡብ ለስለስ ያለ ነፋስ ሲነሣ ተመልካቾች ማልደው ለመውጣት ይዘጋጃሉ። ወፎቹ በጉዞ ላይ ሳሉ ንጋት ሳይደርስ ዝናብ ቢያገኛቸው፣ ደክመው በአቅራቢያቸው ወዳለው ዛፍና ቁጥቋጦ ይወርዳሉ። ትናንት ጭር ብሎ የዋለው የአትክልት ቦታ ዛሬ በወፍ ይሞላል፤ አየሩ ከጠራም ምሽት ላይ ሊነሡ ይችላሉ። በደብዳቤ ዘመን ይህን የሰማ ጎረቤት ሲደርስ ወፎቹ ሄደው ይጠብቁት ነበር። ዛሬ ወሬው በስልክ በደቂቃ ይደርሳል። በ2002 በአሜሪካ የተመሠረተው ኢበርድ የተባለው የጋራ መዝገብም እስከ 2021 ድረስ ከዓለም ዙሪያ ከ1 ቢሊዮን በላይ ምልከታዎችን ሰብስቧል። ከ2009 ወዲህ የኩክን አሮጌ ካርዶች እያነበቡ ወደ ኮምፒዩተር የገለበጡትም እንደ ጸሐፊዎቹ ሁሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ይህ ሁሉ ድካም ከመዝናኛ ያለፈ ፋይዳ አለው ወይ ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። በሆላንድ ጫካዎች የምትራባ አንዲት ጥቁርና ነጭ ትንሽ ወፍ አለች። በጋውን በምዕራብ አፍሪካ አሳልፋ በፀደይ ትመለሳለች፤ ጫጩቶቿን የምትመግባቸውም በአብዛኛው አባጨጓሬ ነው። ፀደዩ ከቀድሞው እየሞቀ በመሄዱ ቅጠሉም አባጨጓሬውም ቀድመው መውጣት ጀመሩ። ወፏ ግን አፍሪካ ሆና በሆላንድ ያለውን ሙቀት ልታውቅ አትችልም፤ ጉዞዋን የምትጀምረው በቀን መርዘምና ማጠር በሚመራ ውስጣዊ የጊዜ ስሜት ነው። በመሆኑም ስትደርስ ማዕዱ ሊነሣ ተቃርቧል። ክሪስቲያን ቦት የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ2006 እንዳስታወቁት፣ አባጨጓሬው እጅግ በቀደመባቸው ቦታዎች የዚህች ወፍ ቁጥር በሁለት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ 90 ከመቶ ያህል ቀንሷል። ቀን ቆጥሮ የሚጽፍ ባይኖር ኖሮ የሚታወቀው መጥፋቷ ብቻ ነበር፤ ምክንያቱ አይታወቅም።

የሰው ሕይወትም የሚነካበት አጋጣሚ አለ። ሽመላና ንስር በሰፊው ባሕር ላይ ረጅም ጉዞ አይደፍሩም። ክንፋቸውን ዘርግተው የሚንሳፈፉት ከሞቀ ምድር በሚነሣ አየር ላይ ስለሆነ፣ የብሱን ተከትለው ይሄዳሉ። ከምሥራቅ አፍሪካ ወደ አውሮፓና እስያ ሲመለሱ ብዙዎቹ በእስራኤል ጠባብ ምድር ላይ ይሰበሰባሉ። በዚያ ሰማይ ላይ የጦር አውሮፕላኖችም ስለሚበሩ ከወፍ ጋር የሚደረግ ግጭት አብራሪዎችን ለአደጋ ያጋልጥ ነበር። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ዮሲ ለሸም የተባሉ የአእዋፍ ተመራማሪ የመሬት ተመልካቾችን ቆጠራ፣ የራዳርን መረጃና ከሞተር ተንሳፋፊ አውሮፕላን ላይ ሆነው ያዩትን በማገናኘት፣ ወፎቹ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ሰዓትና በምን ከፍታ እንደሚያልፉ አሳዩ። አየር ኃይሉም የበረራ ፕሮግራሙን በዚሁ መሠረት በመለወጡ ግጭቱ በእጅጉ ቀነሰ።

ከእነዚያ መንገደኞች ከፊሎቹ የሚነሡት ከእኛው ሰማይ ነው። በአገራችን የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከ1966 ጀምሮ የወፍ ተመልካቾችን ሲያሰባስብ ቆይቷል። “መጨረሻ የታየበት ቀን” የሚለውን የካርዱን ክፍል መሙላት ግን የማኅበር አባልነትን ወይም ውድ መነጽርን የግድ አይጠይቅም፤ ሽመላን ያህል ትልቅ ወፍ በባዶ ዐይን ይቆጠራል። በሐይቅ አጠገብ የሚኖር አንድ ተማሪ በደብተሩ እንዲህ ብሎ ጻፈ እንበል፦

“መጋቢት 14። ከሐይቁ በስተ ሰሜን ያለው ሜዳ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ተመለከትሁ። ነጭ ሽመላ፣ 43። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ምድሩ ሲሞቅ፣ 4 ሰዓት ላይ፣ እየዞሩ ወደ ላይ ወጡና ወደ ሰሜን ሄዱ።

“መጋቢት 15። ያው ሜዳ፣ ያው ሰዓት። ነጭ ሽመላ፣ 0።”