የቆየ ማኪንቶሽን በቨርቹዋል ማሽን ከኢንተርኔት ማገናኘት፦ የቀድሞ የአማርኛ ሰነዶችን ለማዳን

የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የማኪንቶሽ የአማርኛ ፎንቶች ፊደሉን በላቲን ፊደላት የኮድ ቦታ ላይ ያሳርፉት ስለነበር፣ ሰነዶቹ በዛሬ ኮምፒውተር ሲከፈቱ ትርጉም አልባ ምልክቶች ይሆናሉ። በትክክል የሚነበቡት ፎንቱ በተጫነበት አሮጌ ማሽን ላይ ነው።

ማኪንቶሽ ክላሲክ (1990 እ.ኤ.አ.) የኤተርኔት መሰኪያ ባይኖረውም በሲሪያል ፖርቱና በዩኤስቢ መለወጫ ከዘመናዊ ኮምፒውተር ጋር ይያያዛል። በዚህኛው ላይ የሚሠራ የሊኑክስ ቨርቹዋል ማሽን ግንኙነቱን በፒፒፒ ይቀበላል፤ ፋይሎቹንም በኤፍቲፒ ተረክቦ፣ አሮጌው ማሽን በማይችለው የዘመኑ ምስጠራ ወደ ማኅደር ይልካል።

ግንኙነቱ ኮዱን አይለውጥም፤ ወደ ዩኒኮድ መመለሻው ሠንጠረዥ የሚዘጋጀው ፊደሉን ከአሮጌው ስክሪን በማመሳከር ነው። ሙቀትና አቧራ ፍሎፒ ዲስክን ስለሚጎዱ፣ እንደ መተማ ባሉ ቆላማ አካባቢዎች የሚገኙ ሰነዶች ቅድሚያ ሊሰጣቸው ይገባል።