ጥፋቱ የሰውየው ነው የመብራቱ?

ዕቃ ሲበላሽ «ማን ነካው?» ብለን እንጮኻለን፣ አይደል? ቆይ እስቲ! በ1979 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ፣ ስሪ ማይል አይላንድ በሚባለው የኑክሌር ኃይል ማመንጫ አንድ ቫልቭ ተከፍቶ ቀረ። የመቆጣጠሪያው መብራት ግን ጠፍቷል። ለካስ መብራቱ የሚናገረው «ዝጋ» የሚለው ትእዛዝ መተላለፉን እንጂ ቫልቩ መዘጋቱን አልነበረም! ሠራተኞቹ አመኑት። ማቀዝቀዣው ውሃ እየወጣ መሆኑን ሳያውቁ ጭራሽ የሚገባውን ቀነሱት። የሪአክተሩ እምብርት በከፊል ቀለጠ።

ከዚያ ወዲህ ምሁራን ሰውንና ማሽኑን ለየብቻ ሳይሆን አብሮ እንደሚያስብ አንድ አካል ማጥናት ያዙ። ማሽኑ ከዋሸ ጎበዙም ይሳሳታላ!

ውድ አንባቢያን፣ እናንተም የቤት ሠራተኛዋን ከመቆጣታችሁ በፊት «ዕቃው ምን አሳያት?» በሉ።