ክራር በቆርቆሮ ቤት፦ ማይክ ከመግዛት በፊት

ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለችው ዋጃ ቀኑን ሙሉ ጸጥ አትልም። ጭነት መኪናው ማርሽ ይቀይራል፣ ባጃጁ ይንጫጫል፣ ፍየሉ ይጮኻል። ጆሯችን ስለለመደው አንሰማውም፤ ማይክ ግን መልመድ አያውቅም። ቤቱ ተቀምጦ ክራሩን ለመቅረጽ የሞከረ ሰው መጀመሪያ የሚደነግጠው በዚህ ነው፦ ቅጂውን መልሶ ሲያዳምጥ መንገዱ ከፊት፣ ክራሩ ከኋላ ሆኖ ያገኘዋል። ስለዚህ «የትኛው ማይክ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ከሱቅ በፊት ቤት ውስጥ ነው።

ክራር ድምፁ ትንሽ ነው። አምስት ወይም ስድስት ክሮቹ ሲነኩ ንዝረቱ በብርኩማው በኩል ወደ ቆዳው ይወርዳል፤ ቆዳውና ገበቴው ያጎሉታል። ጣቱ ክሩን ሲለቅ የሚሰማው ስል ድምፅ አንድ ነገር ነው፣ ከገበቴው የሚወጣው ወፍራም ድምፅ ሌላ ነው። ጥሩ ቅጂ የሚባለው ሁለቱን አስማምቶ የያዘ ነው። አምባሰልና ባቲ የሚባሉት ቅኝቶች ስማቸውን ያገኙት ከወሎ ቦታዎች ነው፤ የቅኝቱ ጣዕም ያለው በድምፆቹ መካከል ባለው ርቀት ስለሆነ፣ ከቅኝቱ የወጣ አንድ ክር በቅጂ ላይ ከጨዋታው ይልቅ ጎልቶ ይሰማል።

ገበያ ላይ ያሉት ማይኮች በብዛት ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ዳይናሚክ ነው። ውስጡ ያለው ስስ ሽፋን ከሽቦ ጥቅል ጋር ተያይዞ በማግኔት መካከል ሲንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ከውጭ ኃይል አይፈልግም፣ ሙቀትና አቧራም ቶሎ አይጎዳውም። ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመረተው ሹር ኤስ ኤም 57 የዚህ ዓይነት ነው። ሁለተኛው ኮንደንሰር ነው። ሽፋኑ በጣም ቀላል ስለሆነ የጣትን ሹክሹክታ ሳይቀር ይይዛል፤ በአብዛኛው ግን ከላፕቶፕ ጋር ከሚያያዝ ሳውንድ ካርድ ወይም ከእጅ መቅረጫ 48 ቮልት ይፈልጋል፣ እርጥበትም አይወድም።

በወረቀት ላይ ለክራር የሚመረጠው ኮንደንሰር ነው። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ እውነት ነው። የዋጃ ቤት ግን ብዙውን ጊዜ ቆርቆሮ ክዳን፣ ባዶ ግድግዳና ሲሚንቶ ወለል ነው። ኮንደንሰሩ ከክራሩ ጋር ግድግዳው የመለሰውን ማስተጋባትም አብሮ ያመጣል። ዳይናሚኩ ደግሞ ቀረብ ተብሎ ሲቀረጽበት ማስተጋባቱን ብዙም አያመጣምና እንዲህ ያለውን ቤት ይታገሣል፤ ግን ሌላ ነገር ያስከፍላል። የክራር ድምፅ ትንሽ ስለሆነ መጠኑን በጣም ከፍ ማድረግ ግድ ይላል፤ ርካሽ ሳውንድ ካርድ ከሆነ ያኔ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ይጨምራል። እንግዲህ ምርጫው ይህ ነው፦ ቤቱን ጸጥ ማድረግ የሚችል ኮንደንሰር ይግዛ፤ የማይችል ዳይናሚኩን ይያዝና ቀረብ ብሎ ይጫወት።

ቤቱን ጸጥ ለማድረግ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ከተጫዋቹ ጀርባ የቆመ ፍራሽ፣ በግድግዳው ላይ የተሰቀለ ብርድ ልብስና ጋቢ፣ ወለሉ ላይ የተነጠፈ ምንጣፍ ማስተጋባቱን በግልጽ ይቀንሱታል። ከመንገድ የሚመጣውን ግን አያስቀሩም፤ እሱን የሚያስቀረው ሰዓት መምረጥ ነው። ማታ ቆላው ሲቀዘቅዝ ቆርቆሮው እየተኮማተረ «ጣ፣ ጣ» ይላል፤ እሱ እስኪያበቃ መጠበቅ ነው። ዶሮ ከመጮኹ፣ አዛንና ቅዳሴ ከመጀመራቸው በፊት ያለው የሌሊት ክፍል ከሁሉ ይሻላል።

ቀጥሎ ማይኩን የት እናቁመው? ሄድፎን አድርገን እንሞክር። ክራሩ ጭን ላይ ነው። ማይኩን ከቆዳው መሐል ፊት ለፊት በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት ስናቆመው ድምፁ ያገሳል፤ ከፊቱ የሚመጣውን አብልጦ የሚቀበል ማይክ በጣም ሲቀርብ ወፍራሙን ድምፅ ያጋንናልና። ወደ ጣቶቹ ስናዞረው ጥፍሩ ይጮኻል። ወደ 25 ሳንቲ ሜትር መለስ አድርገን፣ አፉን በብርኩማውና በገበቴው ጠርዝ መካከል ስናነጣጥር ክሩም ቆዳውም ተስማምተው ይሰማሉ። የማይኩን ጀርባ ደግሞ ወደ መንገዱ እናዙር፤ ልብ ቅርጽ ባለው አቀባበል የተሠራ ማይክ ከኋላው የሚመጣውን ብዙም አይሰማም። እየተጫወተ ለሚዘፍን ሰውም አንድ ማይክ ይበቃዋል፦ ድምፁ ካየለ ዝቅ፣ ክራሩ ካየለ ከፍ ማድረግ ነው። ማሲንቆ ከሆነ የደጋኑ ፈረስ ጭራ ክሩን ሲፍቀው የሚወጣው ሻካራነት እንዲለሰልስ ግማሽ ሜትር ያህል መራቅ ይጠቅማል።

ክራሩንም አንርሳው። ቆዳ በሙቀትና በድርቀት ይወጠራል፣ በእርጥበት ይላላል፤ ቅኝቱም አብሮት ይሄዳል። ከውጭ የገባ ክራር ክፍሉን እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ፣ ከየዘፈኑ በፊትም ይቃኝ።

ቅጂው በ24 ቢት ይሁን፤ ኃይለኛው ምት ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ላይ ቢቆም ድምፁ አይሰነጣጠቅም። በ48 ኪሎኸርዝ በሁለት መስመር የተቀዳ አንድ ሰዓት 1 ጊጋባይት ያህል ይወስዳል፤ ስለዚህ ሚሞሪ እጅግ አያስጨንቅም።

በትንሽ መሣሪያ ትልቅ ሥራ መሥራት አዲስ ነገር አይደለም። በ1972 እ.ኤ.አ. ሲንቲያ ጼ ኪምበርሊን የበገና ደርዳሪውን ዓለሙ አጋን ቀርጻ፣ በገና፣ ክራርና ማሲንቆ የተካተቱበት ቅጂ በዩኔስኮ የሙዚቃ ስብስብ ወጥቷል። በዓለሙ ቅጂ የሚደመጠው አንድ ሰውና አንድ መሣሪያ ነው።

አንድ ምክር ብቻ ልጨምር ቢፈቀድልኝ፣ ከላፕቶፑ ጋር ከሚያያዘው ሳውንድ ካርድ ይልቅ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ የእጅ መቅረጫ እመርጣለሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ ይቆማል፣ ማራገቢያው ይቆማል፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን ይቆማል። ጄኔሬተር ያለው ጎረቤት ከሌለ፣ ዋጃ ውስጥ ከዚያ የተሻለ ስቱዲዮ የለም።