ደጃፉን ያልረገጡ እናቶች ያሳደጉት ትምህርት ቤት

ከደሴ ተነሥቶ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን የተጓዘ ሰው የሐይቅን ከተማ ያገኛል። ከከተማይቱ አጠገብ ካለው ውሃ ውስጥ ገባ ብሎ በዛፍ የተሸፈነ መሬት ይታያል። ቀድሞ ደሴት ነበር። ዛሬ ከየብስ ጋር ስለ ተያያዘ በእግር ይደረስበታል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው እዚህ ነው። የገዳሙ ሥርዓት ስለማይፈቅድ ሴት ከበሩ አታልፍም። ይህች ጸሐፊም ከበሩ ቀርታለች።

ከበር የቀረ ሰው ጊዜ ይተርፈዋልና አንድ ጥያቄ መጣብኝ። ከዚህ በር ወዲያ ለዘመናት ፊደል የቆጠሩትን የሰው ልጆች ማን አበላቸው? ሲታመሙስ ማን አስታመማቸው?

ሐይቅ በአገራችን ከታወቁት ጥንታውያን የትምህርት ማዕከሎች አንዱ ነበር። ከትውልድ አገሩ ወጥቶ በትግራይ ደብረ ዳሞ የተማረው አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ1240 ዓ.ም. ገደማ ገዳሙን ማስተዳደር ከጀመረ በኋላ ተማሪው ከየአቅጣጫው ጎረፈ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከሸዋ መጥተው ለዓመታት ተምረውበታል። ሌላው ደቀ መዝሙር ሂሩተ አምላክ በጣና ሐይቅ ዳጋ እስጢፋኖስን እንደ መሠረተ ይነገራል። ኢየሱስ ሞዓ በ1273 ዓ.ም. ገደማ ለገዳሙ ያበረከተው የብራና ወንጌልም እስከ ዘመናችን ከቆዩት ቅርሶች አንዱ ነው። እንግዲህ ልዩ ልዩ ቋንቋና ልማድ ያላቸው ልጆች በአንድ ጣሪያ ሥር የተማሩበትን ቦታ ዛሬ ብናገኘው ኖሮ ኢንተርናሽናል ብለን ልንጠራው በቃጣን ነበር።

የእንዲህ ያለው ትምህርት ቤት ኑሮ ግን ቀላል አልነበረም። የአብነት ተማሪ የቆሎ ተማሪ የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ የሚከላከልበትን በትር ይዞ በየደጁ ይቆማል፤ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎም ይለምናል። ያገኘውን ቁራሽ ወደ ጎጆው ወስዶ ከጓደኞቹ ጋር ይካፈላል። የተረፈውን በፀሐይ አድርቆ ኮቸሮ ያደርገዋል። ሌሊት በእሳት ብርሃን ይቀጽላል፤ ጠዋት ለየኔታ ያቀርባል።

ከደጁ ወጥታ ቁራሹን የምትሰጠው ማን ነች? የቤቱ እመቤት ነች። ልጁን አታውቀውም፤ አባቱንም አታውቅም። እርሷ ራሷ ወደ ትምህርት ቤቱ አልገባችም፤ ሴት ልጇም አትገባም። ነገር ግን የእርሷ ልጅ በሌላ አገር በሌላይቱ ደጃፍ ቆሞ ይሆናልና ትሰጣለች። ተማሪው በጠና ሲታመምም ከመንደር አጥሚት ተሞቆ የሚላክለት ጊዜ አለ።

ወሎ ይህን የምታውቀው በአንድ ወገን ብቻ አይደለም። በየጁ ዳና፣ በቃሉ ገታ፣ እንዲሁም ጀማ ንጉሥ የታወቁ የእስልምና ትምህርት ማዕከሎች ናቸው። ቁርኣንና ኪታብ ለመቅራት ከሩቅ አገር የሚመጣውን ደረሳ ያበላውና ያሳደረው የአካባቢው ሕዝብ ነው። የወሎ እናት በቤተ ክርስቲያኑም በመስጊዱም በኩል የሰው ልጅ ስታሳድግ ኖራለች።

ያለፈውን ስናመሰግን ጉዳቱን መሸፈን የለብንም። በጠባብ ጎጆ ተፋፍጎ ማደር፣ ልብስ ሳይቀይሩ መሰንበት ቅማልን ያራባል። ቅማል ደግሞ ግርሻንና ተስቦን ከሰው ወደ ሰው ያስተላልፋል። ጭሱ ዓይን ያጠፋል። አለንጋውም ነበረ። ብዙ ልጅ ትምህርቱን ሳይጨርስ በመንገድ ቀርቷል።

ትምህርት ቶሎ ያልገባው ልጅ ነገርም አለ። አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ በልጅነቱ ወደ ሐይቅ ተልኮ ለዓመታት ትምህርቱ አልገባ ብሎት እንደ ተቸገረና እንዳለቀሰ ታሪኩ ይተርካል። ያ ልጅ ኋላ በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ «መጽሐፈ ምሥጢር» የተባለውን ታላቅ መጽሐፍ ደረሰ። በአንድ ሴሚስተር ውጤት ልጃቸውን «አንተ እንኳ አይሆንልህም» የሚሉ ወላጆች ይህን ቢያስታውሱ መልካም ነው።

አሁን ፊታችንን ወደ ከተማይቱ እንመልስ። በሐይቅም ሆነ በሌሎች የወረዳ ከተሞች ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ከገጠር ቀበሌ የሚመጡ ወጣቶች ሦስትም አራትም ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ስንቃቸው በሳምንት አንድ ጊዜ ከቤት ይመጣል። ይህች ጸሐፊም በተማሪነቷ እንዲሁ ነበረች። እሑድ የመጣው እንጀራ ሐሙስ ላይ ሲሻግት ጠርዙን ቆርጣ ጥላ መሐሉን በበርበሬ በልታለች። ይህን ለእናቷ ነግራ አታውቅም። ልጆች እናታቸው እንዳታዝን የሚደብቁት ብዙ ነገር አለ።

በዚህ ላይ የዘመኑ መከራ ተጨምሯል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደቡብ ወሎን በደረሰበት ጊዜ ትምህርት ቆሞ፣ ትምህርት ቤቶችም ተጎድተው ነበር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም ግጭቱ በአማራ ክልል ብዙ ትምህርት ቤቶችን አዘግቷል። ከዚህ በኋላ ደብተር ይዞ የመጣ ልጅ ፍርሃቱንም ይዞ እንደሚመጣ መዘንጋት አይገባም።

በአዲስ አበባ እንደ ሳንፎርድና ሊሴ ገብረ ማርያም ያሉ፣ ከብዙ አገር የመጡ ልጆች የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። በዓለም ዙሪያ በእንዲህ ዓይነቶቹ ቤቶች ነርስና አማካሪ መኖሩ፣ የተማሪው ምሳና እንቅልፍ መጠየቁ እንደ ቅንጦት አይቆጠርም። አሠራሩ ገንዘብ ይጠይቃል። ሐሳቡ ግን ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ልጁ ሳይበላና ሳይጽናና አይማርም ማለት ነው። ቁራሽ ይዛ ከደጅ የወጣችው እናት ይህን አስቀድማ አውቃለች።

ታዲያ ዛሬ ምን ይደረግ?

ስንቅ ስናሰናዳ በእንጀራ ብቻ አንመካ። ድርቆሽ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮና ምስር ሳይበላሹ ይቆያሉ። ከሻጋታ የሚወጣው መርዝ በዓይን ወደማይታየው ክፍል ሊዘልቅ ስለሚችል የሻገተ እንጀራ ይጣል። ሴት ልጅ በወር አበባ ደም ስለምታጣ ምስርና ጎመን ከሎሚ ወይም ከቲማቲም ጋር ብታገኝ ይረዳታል። ለሞዴስ የሚሆን ገንዘብም እስክትጠይቅ አይጠበቅ፤ አፍራ ከትምህርት ትቀራለችና።

ከሰል በተዘጋ ክፍል አቀጣጥሎ መተኛት በፍጹም ይከልከል። የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። ልብስና አንሶላ በፈላ ውሃ ይታጠብ። በዚህ ዕድሜ ያለ ወጣት በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል።

ወንድምና እህት አብረው ሲከራዩ እርሷ ውሃ ቀድታ፣ ወጥ ሠርታ፣ ዕቃ አጥባ ስትጨርስ እርሱ ሁለት ምዕራፍ ቀድሟታል። ሥራው በቀን ተራ ይከፈል። ይህን ማዘዝ የወላጅ ፋንታ ነው።

ከሁሉም በላይ ቃሌ ለአከራዮች ነው። በግቢያችሁ ያለው ተማሪ የወር ኪራይ ብቻ አይደለም። የሴቲቱ ክፍል መቀርቀሪያ እንዳለው፣ ማታ መብራቱ በርቶ እንደሆነ፣ ሁለት ቀን ጭስ ያልታየበት ምክንያት ምን እንደሆነ ጠይቁ። ቡና ስታፈሉ አንድ ስኒ ጨምሩ። እናቱ ሩቅ ናት።

ከገዳሙ በር ስመለስ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ደብተራቸውን ይዘው ወደየክፍላቸው ሲገቡ አየሁ። ይህን በር ማንም ሴት እንዳትገባ አልተከለከለችም። ማንኳኳት ብቻ ይበቃል።